ዱባ ከየት መጣ? ጣዕሙስ ወዴት ሄደ?

በእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ላይ ስለ ስንዴ፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን የመረጥኩት ከአጥር ሥር የሚበቅለውን፣ በሪፖርታችን ላይም «ሌሎች አትክልቶች» በሚለው ዓምድ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያልፈውን ዱባ ነው።

ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት በአንዱ መሠረታዊ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ አባል ተነሥተው «የዛሬ ዱባ ውኃ ነው። ወጡ ሽሮ ካልተነሰነሰበት አይወፍርም። ከተማው ከእኛ መግዛት ቢተው ምን ይገርማል?» ሲሉ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በጥፋቱ ውስጥ የእኔም እጅ ስላለበት ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ በቅድሚያ ግን የዱባን ታሪክ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላሉ። አነጋገሩ ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም በእጽዋት ትምህርትም ትክክል ሆኖ ይገኛል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ዱባ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዘመዶች ቢሆኑም ዝምድናቸው የራቀ ስለሆነ ጎን ለጎን ቢተከሉም አይዳቀሉም። የሚያስገርመው ስሙ ከፍሬው የሚቀድም መሆኑ ነው። «ዱባ» ከምንለው ቃል ጋር አንድ የሆነው የዐረብኛው «ዱባእ» በጥንት ጊዜ የሚያመለክተው የቅልን ዓይነት ነበር። ከባሕር ማዶ አዲስ ፍሬ ሲመጣ የቆየውን ስም ወረሰ።

ስለ ዱባ እርሻ እስካሁን ከተገኙት እጅግ ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ በሜክሲኮ፣ በኦሃካ ግዛት፣ ጊላ ናኪትዝ በተባለ ዋሻ ውስጥ የተገኘው ዘር ነው። ዕድሜው ወደ 10,000 ዓመት ይጠጋል፤ ይህም ማለት በዚያ አገር ዱባ ከበቆሎ በፊት ለማዳ ሆኗል ማለት ነው። የዱር ዱባ ትንሽና ሥጋው እሬት የሆነ ፍሬ ነው። ስለዚህ የጥንቶቹ ሰዎች በመጀመሪያ የፈለጉት ዘሩን እንደነበረ ይታመናል። ከብዙ መራራ ፍሬዎች መካከል መራራነቱ የቀነሰውን ለይተው፣ የእሱን ዘር አስቀምጠው፣ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው እየተከሉ ነው ዛሬ የምንበላውን ያደረሱልን። (በነገራችን ላይ ዛሬም አልፎ አልፎ መራራ ዱባ ይገኛል። መራራውን ንጥረ ነገር መቀቀል አያጠፋውም፤ ሆድን ክፉኛ ያውካል። ሲቀምሱት መራራ ከሆነ ሳይሳሱ መጣል ነው።)

ዱባ ከአሜሪካ የወጣው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። ሃምሳ ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1542 ሊዮንሃርት ፉክስ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ባሳተመው የእጽዋት መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ ይገኛል። ከዱባ ጋር በቆሎ፣ በርበሬና ድንችም የዚያው ምድር ልጆች ናቸው። ዛሬ በርበሬን የባዕድ ነው ብሎ የሚያምን የቤት እመቤት ብትገኝ ይደንቀኛል። ዱባም እንዲሁ በጓሯችን ቤተኛ ሆኗል፤ በጾም ወጥ ሆኖ፣ ከቡና ጋር ቅቅል ሆኖ ይቀርባል።

ለአባሎቻችን በጣም የሚጠቅመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዱባ ስንል በአንድ ስም የምንጠራቸው ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች አሉ። የሚለዩትም በፍሬው ቀለም ወይም ትልቅነት ሳይሆን ፍሬው ከሐረጉ ጋር በተያያዘበት እጀታ ነው። እጀታው ክብ፣ ወፍራምና ሲደርስ እንደ ቡሽ የሚሆነው «ማክሲማ» ይባላል፤ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። እጀታው ጠንካራ፣ አምስት ማዕዘን ያለውና ፍሬው ላይ ሲደርስ እንደ እግር መዳፍ የሚሰፋው «ሞስካታ» ነው፤ ቆላና ሙቀት ይወዳል። ሦስተኛው «ፔፖ» እጀታው ጠንካራና ሸንተረር የበዛበት ነው፤ በለጋነቱ የሚበላው ዝኩኒም የዚህ ዝርያ ነው። ለቅቅልና ለወጥ ደረቅና ጣፋጭ ሥጋ የሚሰጡን በአብዛኛው ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አንዱ ዝርያ ከሌላው ጋር በቀላሉ አይዳቀልም። በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉት ግን፣ ትልቁም ትንሹም፣ ጣፋጩም ውኃማውም፣ ንብ ባለበት ሁሉ ይደባለቃሉ።

እኔ ይህን በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሳለሁ ረሳሁት። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ወደ ተመደብኩበት ቀበሌ እንደገባሁ፣ አንዲት እናት ቤታቸው ጠርተው ቡና አፈሉልኝ። ከቡናው ጋር ያቀረቡልኝ የተቀቀለ ዱባ ነበር። ልጣጩ ግራጫ፣ ፍሬው ከሰው ራስ ብዙም የማይበልጥ፣ ሥጋው ሲቆርሱት ፍርክስክስ የሚል፣ ጣፋጭነቱ ስኳር የተጨመረበት የሚመስል ነበር። እኔ ግን አፌ ሞልቶ እየበላሁ «እማማ፣ ዱባዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምርታማ አይደለም። ትልቅ የሚሆነውን ዘር አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። የቀበሌው ዕቅድ የሚለካው በኩንታል ነበር፤ እኔም በሪፖርቴ ላይ ኩንታል እንዲታይ ፈልጌ ነበር።

ከከተማ ገበያ ከአንድ ግዙፍ ብርቱካናማ ዱባ ላይ ያወጣሁትን ዘር አመጣሁላቸው፤ ከራሳቸው ዱባ ጎንም ተከሉት። ቅጠሉ እንዲንሰራፋ ብዬ ዩሪያም አስጨመርኳቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሰው የማይችለው ፍሬ ተሸከመ፤ ፎቶ ግራፍ አነሳሁት፤ ተመሰገንኩ። በሁለተኛው ዓመት ከራሳቸው ግራጫ ዱባ ያስቀመጡትን ዘር ቢተክሉ ግማሹ ብርቱካናማ፣ ግማሹ ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት ያ ፍርክስክስ የሚለው ዱባ በግቢያቸው አልነበረም። ሁለቱም ማክሲማ ስለነበሩ ንቦቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። እማማ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ክብደቱን አመጣህልኝ፤ ዱባዬን ግን ወሰድክብኝ» ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ዱባ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ የእማማን ጓሮ ያስታወሰኝ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ማርብልሄድ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ የሆነው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ወይም በ1843 ኤልሳቤጥ ሃባርድ የተባሉ ወይዘሮ ለጎረቤቶቻቸው ለግሪጎሪ ቤተሰብ ስለ አንድ ጥሩ ዱባ ነገሯቸው። ዱባውን ኖት ማርቲን የተባለ የመርከብ አዛዥ ለቤቱ ፍጆታ ያህል ብቻ ይተክለው ነበር፤ ስም እንኳ አልነበረውም። ዘሩን ያስገኙት ወይዘሮዋ ስለነበሩ የግሪጎሪ አባት «ሃባርድ» ብለው ጠሩት። ልጃቸው ጄምስ ግሪጎሪ ኋላ ዘሩን በመላ አገሪቱ በመሸጥ ታዋቂ የዘር ነጋዴ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ስለ ዱባ አተካከል ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ሃባርድ ዱባ ልጣጩ በመጥረቢያ ካልሆነ የማይከፈት፣ ለክረምት የሚቀመጥ ደረቅ ዱባ ነው፤ ዛሬም ይተከላል። ያ ሁሉ ንግድ የተነሣው አንዲት ሴት ቀምሳ «ይሄ ይሻላል» ብላ በመናገሯ ነው። እማማም እንዲሁ ብለውኝ ነበር፤ ያላዳመጥኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጣዕሙ ምሥጢር እንግባ። የዱባ ጣዕም የሚወሰነው በዘሩ ብቻ አይደለም፤ የሚቆረጥበት ቀንም ወሳኝ ነው። በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ዱባ ሲያዳቅሉ የኖሩት ብሬንት ሎይ አጥብቀው ያስተማሩት ይህንን ነው። ብዙዎቹ ዱባዎች ፍሬ ከያዙ በሦስት ሳምንት ገደማ መጠናቸውን ይጨርሳሉ፤ ቀለማቸውም ቶሎ ይመጣል። ያን ጊዜ የደረሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በሥጋቸው ውስጥ ስታርች ገና አልተጠራቀመም። ስታርቹ ሞልቶ፣ ውስጡ ያለው ዘርም ጠንክሮ የሚያበቃው ፍሬው ከያዘ ከ50 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቀድሞ ከተቆረጠ ዘሩ ገና ስላልጠነከረ ምግቡን ከሥጋው ይስባል፤ ሥጋውም ይበልጥ ባዶ ይሆናል። በደንብ ደርሶ የተቆረጠ ዱባ ግን በመቀመጡ ስታርቹ ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር የቆየ ዱባ ከትኩሱ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ይህንን ከእኛ ገበያ ጋር ብናስተያየው ችግሩ ወለል ብሎ ይታያል። በሰኔ መጀመሪያ የተተከለ ዱባ በነሐሴ ያብባል። የሚበስለው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። እኛ ግን የአዲስ ዓመትና የመስቀል ወጪ ሲያስቸግረን በመስከረም መጀመሪያ ቆርጠን እንሸጣለን። ነጋዴውም በትልቅነቱ አይቶ ይገዛል። ውኃ የተባለው ዱባ የሦስት ወይም የአራት ሳምንት ዱባ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ተቆርጦ ቢቀመጥ ግን ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ጣፋጭነቱ ይወጣል። ገበያተኛው ዱባ የሚፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ይህ አጋጣሚ እንዲሁ እየባከነ ሲቀር ያስቆጫል።

አቆራረጡን በአጭሩ ልግለጽ። እጀታው ቡሽ መስሎ ሲደርቅ፣ ልጣጩም በጥፍር ሲጫኑት አልበሳ ሲል ደርሷል። እጀታውን አንድ ጣት ያህል አስቀርቶ በቢላዋ መቁረጥ፣ በእጀታው አንጠልጥሎም አለመሸከም ያስፈልጋል፤ እጀታው የተነቀለበት ዱባ ከዚያው ይበሰብሳል። ለአሥር ቀን ያህል በደረቅና ሞቃት ቦታ ልጣጩ እንዲጠነክር ማድረግ፣ ከዚያም ነፋስ በሚያገኝ ቆጥ ላይ ሳይነባበር ማስቀመጥ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ እርጥበት ይስባል። በደጋ ያላችሁ አባላት ውርጭ ሳይመታው ማስገባት እንዳትረሱ።

አተካከሉን በተመለከተ አባሎቻችን ከእኔ ይበልጣሉ፤ ጉድጓዱን በበሰበሰ ፍግ መሙላት የማያውቅ የለም። የምጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ዩሪያ ሲበዛ ሐረግና ቅጠል ይበዛል፤ ፍሬው ዘግይቶ ይይዛል፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ። በአንድ ሐረግ ላይም ከሁለት ወይም ከሦስት ፍሬ በላይ ማስቀረት የሥጋውን ጥራት ይቀንሳል። ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ስለሆነ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው የቅጠል በሽታ ቀድሞ ካደረቀው ዱባው ቢያድግም አይጣፍጥም።

የዘሩ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ትኩረት ይፈልጋል። ጥሩ ዱባ ያገኘ አባል ሌላ ዓይነት በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለ ዘሩን ጠብቆ ማቆየት የሚችለው በእጁ ካዳቀለ ነው። ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የያዘችው ናት፤ ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመው ነው። በማግሥቱ ሊፈኩ የተቃረቡትን ወንዴና ሴቴ አበቦች ማታ በክር ማሰር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ንብ ሳይገባ ፈትቶ የወንዴውን ብናኝ በሴቴዋ ውስጥ መቀባት፣ ሴቴዋን መልሶ ማሰርና ፍሬው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከሌላ የተዳቀለ ፍሬ በዚያው ዓመት ጣዕሙ አይለወጥም፤ ለውጡ የሚታየው ከዘሩ በሚበቅለው ላይ ነው። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው፤ እኔም የተዘናጋሁት በዚሁ ነው።

ጥፋቱ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዳን ባርበር የተባለ አሜሪካዊ የምግብ ባለሙያ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዘር የሚያዳቅለውን ማይክል ማዙሬክን ጣዕም ያለው ዱባ ለምን አትሠራም ብሎ ጠየቀው። አዳቃዩም ለጣዕም ብሎ እንዲያዳቅል ጠይቆት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነገረው። እስከዚያ ድረስ የሚጠየቀው ምርታማነት፣ በሽታ መቋቋምና ለጭነት አመቺነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሃኒነት የተባለው መዳፍ የሚሞላ ትንሽ ሞስካታ ታወቀ፤ ገበያውንም የያዘው በትንሽነቱ ሳይሆን በጣዕሙ ነው።

የዩኒየናችን አመራሮች ይህን ካነበባችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዱባ በሚረከብበት ቀን ከሚዛኑ አጠገብ ቢላዋና ድስት ይኑር። ከእያንዳንዱ ማኅበር ጭነት አንድ ፍሬ ተቆርጦ ይቀቀል፤ ይቀመስ። ደረቅና ጣፋጭ ሆኖ የተገኘው በኪሎ ትንሽም ቢሆን ይጨመርለት። እስከ ኅዳር ለሚያቆይ አባልም በመስከረም ለበዓል የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ቢታሰብለት ያልደረሰ ዱባ ለመቁረጥ አይገደድም። በሕግ ረገድም የሚከለክል ነገር አይታየኝም፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ እሱን የተካው የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 985 የአባላትን ምርት ጥራት ማሻሻልን ከማኅበራት ሥራ ውጭ አላደረጉም።

የእማማ ዱባ ጨርሶ አልጠፋም። ልጃቸው ስትዳር ይዛው ከሄደችው ዘር በሩቅ ቀበሌ ካለው ጓሮዋ አሥራ አንድ ፍሬ ዘር ላከችላቸው። ሰባቱ በቀሉ። በነሐሴ ማታ ማታ እየሄድኩ አበባውን እኔ አሰርኩ፤ ጠዋት የቀቡት እሳቸው ናቸው፤ የእኔን እጅ አላመኑትም። አራት ግራጫ ዱባዎች ደርሰው አሁን ቆጡ ላይ ናቸው። ኅዳር 15 ሳይደርስ አንዱንም እንዳልነካ አስጠንቅቀውኛል።