የአንጎል ሞት በአሜሪካ ሕግ

የአንጎል ግንድን ጨምሮ የመላው አንጎል ተግባር ላይመለስ መቆም። በሕግ ፊት የደም ዝውውርና የትንፋሽ መቆምን ያህል ሙሉ ሞት ነው፤ ከኮማ ጋር ሊምታታ አይገባም።

የመተንፈሻ መሣሪያ እስኪስፋፋ ድረስ ልብ፣ ትንፋሽና አንጎል ተከታትለው ስለሚቆሙ ስለ ሞት መመዘኛ ክርክር እምብዛም አልነበረም። መሣሪያው ግን አንጎሉ የሞተ ሰው ልብ እየመታ፣ ገላው እንደሞቀ እንዲቆይ አደረገ። በ1968 እ.ኤ.አ. በሄንሪ ቢቸር የተመራ የሃርቫርድ ኮሚቴ አዲስ መመዘኛ አቀረበ። ካንሳስ የአንጎል ሞትን በ1970 ቀድማ በሕግ ደነገገች፤ በ1981 ለክፍለ ግዛቶች ሁሉ ወጥ ሕግ ተረቀቀ።

ሕጉ የምርመራውን ዝርዝር ለሙያው ይተወዋል። ሐኪሞች የጉዳቱን መንስኤ ያጣራሉ፤ ነገሩ ከማደንዘዣ መድኃኒት ወይም ከሰውነት መቀዝቀዝ አለመምጣቱን ያረጋግጣሉ፤ የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ ይፈትሻሉ። በመጨረሻም መሣሪያውን ለደቂቃዎች ለይተው፣ በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ሰውየው ራሱ ይተነፍስ እንደሆነ ያያሉ።

ሕጉ ሁሉም የአንጎል ተግባር እንዲቆም ይጠይቃል፤ ይሁንና ምርመራውን ባሟሉ አንዳንድ ሰዎች የሰውነትን ውኃ የሚቆጣጠረው ሆርሞን መመንጨቱን ይቀጥላል። ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም፤ ከአንጎል ሞት በኋላ የሚደረግ የአካል ልገሳ የሚመሠረተው በቤተሰብ አመኔታ ላይ ነውና። በ2021 የተጀመረው ሕጉን የማሻሻል ሥራ በ2023 ያለ ስምምነት ተቋርጧል።

የኒው ጀርሲ የ1991 ሕግ የታካሚው ሃይማኖት የአንጎል ሞትን የማይቀበል ከሆነ የልብና የትንፋሽ መቆም እንዲጠበቅ ያዛል። ስለዚህ በፔንሲልቬንያ ሞቷል የሚባል ሰው በኒው ጀርሲ በሕግ ሕያው ሊሆን ይችላል።