ለ«ፓራሜትር» «መወሰኛ» እንበል

ስለ መረጃ ቋት አገልጋዮች በአማርኛ በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ «ግቤት» የሚለው ቃል ሥር እየሰደደ ነው። «ፓራሜትር» ለማለት ነው፤ የአገልጋዩን ጠባይ የሚወስን ቅንብር። በጥድፊያ የተመረጠ ቃል ስለሆነ ሳይጸና ቢታረም ይሻላል።

«ግቤት» ከ«ገባ» የወጣ ነው። በመረጃ ቋት ውስጥ ደግሞ የሚገባው ብዙ ነው፤ ሠንጠረዥ ላይ የሚመዘገብ ረድፍም ግቤት ይባላል። «የግቤቱን ዋጋ ቀይር» የተባለ ጀማሪ የአገልጋዩን ጠባይ ይለውጥ ወይስ የደንበኛውን መዝገብ? ቃሉ አይነግረውም፤ ቢሳሳትም ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሌሎችም ቃላት ቀርበዋል። በግሪኩ ቃል ውስጥ «ሜትሮን»፣ ማለትም መለኪያ፣ ስላለ «ልኬት» የሚሉ አሉ። ልኬት ግን ተለክቶ የሚገኝ ነው፤ ፓራሜትር አስቀድሞ የሚታዘዝ ነው። «መስፈርት» እህል ከመስፈር የመጣ ውብ ቃል ነው፤ ሆኖም ጨረታውና ቅጥሩ ከያዙት ቆይቷል።

የእኔ ምርጫ «መወሰኛ» ነው። ከ«ከደነ» መክደኛ፣ ከ«ጫነ» መጫኛ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ወሰነ» መወሰኛ ይወጣል፤ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ትርጉሙም ሞልቶ የተረፈ ነው። «ወሰነ» ድንበር ማበጀትም ነው፣ ቁርጡን መናገርም ነው። ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት አገልጋይ «ማክስ ኮኔክሽንስ» የሚባለው፣ ካልነኩት አብዛኛውን ጊዜ 100 የሆነው፣ በአንድ ጊዜ የሚገናኙትን ብዛት ይገድባል፤ ወሰን ነው። «ኤፍሲንክ» ደግሞ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ የተጻፈው በእርግጥ ዲስክ ላይ ማረፉ ይረጋገጥ አይረጋገጥ የሚል ውሳኔ ነው። «ልኬት» ለሁለተኛው አይሆንም፤ «መወሰኛ» ሁለቱንም ይይዛል።

መወሰኛዎቹ የሚጻፉባቸውን ፋይሎች ስናደራጅ የቃሉ ጥቅም ይበልጥ ይታያል። ፖስትግሬስ መወሰኛዎቹን በአንድ ረጅም ፋይል ከማጎር ይልቅ በአንድ ማውጫ ሥር ለያይቶ ማስቀመጥን ይፈቅዳል፤ የማህደረ ትውስታው ለብቻ፣ የግንኙነቱ ለብቻ። ፋይሎቹ በስማቸው ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ ብዙዎች ስሙን በ10፣ በ20 ያስጀምሩታል። አንድ መወሰኛ ሁለት ቦታ ከተጻፈ በመጨረሻ የተነበበው ይጸናል። በ«አልተር ሲስተም» ትእዛዝ የተለወጠው ለብቻው በሌላ ፋይል ተጽፎ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ስለሚነበብ እነሱን ይሽራል። ይህን ሕግ «የመጨረሻው ግቤት ይጸናል» ብለን ብንጽፈው አንባቢ ስለ ሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ የምናወራ ይመስለዋል። «የመጨረሻው መወሰኛ ይጸናል» ስንለው ግን ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

አማርኛ ከአንድ ግሥ ወሰንን፣ ውሳኔን፣ ወሳኝንና መወሰኛን የሚያወጣ ቋንቋ ነው። መመሪያ የምትጽፉና ሶፍትዌር የምትተረጉሙ ሁሉ፣ አዲስ ቃል ስትሹ መጀመሪያ የግሡን ቤተሰብ ጠይቁ።