ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ከምድር ጋር እንዴት ተስማማ?



ሁለት ባላገሮች በወሰን ቢጣሉ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው የወሰኑ ድንጋይ የቆመበትን ስፍራ ነው። ድንጋዩ ከቦታው ከተናወጠ ምስክር ቢበዛም ፍርዱ መጣመሙ አይቀርም። ከጠፈር የሚነሣውም የምድር ሥዕል እንዲሁ ነውና፣ በእውነተኛ ስፍራው እንዲያርፍ የደከሙትን የሊቃውንት ታሪክ ዛሬ ባጭሩ እናወሳላችኋለን።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 23 ቀን 1972 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ፣ ኋላ ላንድሳት 1 የተባለችውን ሳተላይት ወደ ጠፈር ላከ። እርስዋም ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብላ እየዞረች፣ 185 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ምድር በሚወዛወዝ መስተዋት ስድስት ስድስት መሥመር እየጠረገች ትቀርጸው ነበር። የሥዕሉም አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 80 ሜትር ያህል ትሸፍን ነበር።

ዳሩ ግን ሥዕሉ እንደ ወረደ ከካርታ ጋር አይገጥምም ነበር። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፤ አንዱ ሥዕል እስኪፈጸም ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚሁ ጊዜ ምድር ወደ ምሥራቅ ትዞራለች፤ ይህም በምድር ወገብ ላይ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛ፤ ሳተላይቷ ጥቂት ዘንበል ባለች ቍጥር ሥዕሉ አብሮ ይዛባል። ሦስተኛ፤ የተራራ ጫፍ ወደ ውጭ የሸሸ መስሎ ይታያል፤ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በሥዕሉ ዳር ቢገኝ 400 ሜትር ያህል ከስፍራው ይርቃል።

ይህን ለማቃናት ባለሙያዎች የመንገድ መገናኛና የወንዝ መጋጠሚያ በዓይን እየለቀሙ ከካርታ ጋር ያስተያዩ ነበር። ሥዕሉ ግን ያለማቋረጥ ስለሚጐርፍ ሥራውን ለኮምፒዩተር ማስተማር ግድ ሆነ። በ1972 ዳንኤል ባርኒያና ሃርቪ ሲልቨርማን አንድ ፈጣን ዘዴ አቀረቡ፤ ይኸውም ቍራጭ ሥዕልን በትልቁ ሥዕል ላይ እያንሸራተቱ ማስተያየትና፣ ልዩነቱ ከተወሰነለት መጠን ባለፈ ጊዜ ያን ስፍራ ወዲያው ትቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተርም አንዱን የእርሻ ማእዘን ከሌላው ያምታታል። ስለዚህ በ1981 ማርቲን ፊሽለርና ሮበርት ቦልስ ሐሰተኛውን ምስክር ከእውነተኛው የሚለይ ብልሃት አወጡ። ጥቂት ነጥቦች በዕጣ ይመረጣሉ፤ በእነርሱ ስሌት ስንቶቹ ሌሎች ነጥቦች እንደሚስማሙ ይቈጠራል፤ ይህም እየተደጋገመ፣ ብዙዎች የተስማሙበት ጸንቶ የቀሩት ይጣላሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። በ1992 ጆን ታውንሸንድና ባልደረቦቹ እንዳስረዱት፣ የዕፅዋትን ለውጥ ለመለካት ሁለት ሥዕሎች ሲነጻጸሩ ስሕተቱ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ በመካከላቸው ያለው መዛነፍ ከአንዲት ነጥብ አንድ አምስተኛ ማለፍ የለበትም። ካለፈ ግን ያልተቈረጠው ደን እንደ ተቈረጠ፣ ያልሸሸው የወንዝ ዳር እንደ ሸሸ ሆኖ ይጻፋል፤ በዚያም ላይ ውሳኔ ይሰጣል።

ከ2008 ወዲህ የላንድሳት ሥዕሎች ያለ ዋጋ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ክፍት ሆነዋል። እንግዲህ ክቡር አንባቢ፣ የሁለት ዘመን ሥዕል ጐን ለጐን ተያይዞ ከጠረጴዛዎ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ምን ተለወጠ ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ሥዕሎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል ገጥመዋል ብለው ይጠይቁ። ፊርማዎ የሚያርፈው በሰው እርሻና በሰው ቤት ላይ ነውና።