ከናይሮቢ ለንደን፤ በየት በኩል?

በናይሮቢ ኢስትሊ በሚባለው ሠፈር ወደ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገብቶ «ለንደን መሄድ እፈልጋለሁ» ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «በየት በኩል?» የሚል ነው። በአዲስ አበባ፣ በዱባይ፣ በአምስተርዳም ወይስ በቀጥታ? የአየር መንገዱ ስም የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን የዚህን መስመር ከዘጠና ዓመት የሚበልጥ ታሪክ ለሚያገላብጥ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ዋጋውን ሌሎች ሲተምኑለት፣ የመብረር መብቱንም መንግሥታት ሲከፋፈሉት የኖረው መንገደኛ በእጁ የቀረችው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ያለችው ማረፊያ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በ1931 ከለንደን ተነሥቶ በግብፅና በሱዳን በኩል በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር እስካለችው እስከ ሙዋንዛ የሚዘልቅ መስመር ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ ኬፕ ታውን ደረሰ። በረራ ሲባል ግን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት እንዳይመስለን። ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በአየር ክልል ጉዳይ ስምምነት ስለጠፋ መንገደኛው የአውሮፓን ከፊል ምድር በባቡር ያቋርጥ ነበር፤ ሌሊቱንም በየማረፊያው በሆቴል ያድራል። በ1937 በውኃ ላይ የሚያርፉት ግዙፍ አውሮፕላኖች በመስመሩ ሲሰማሩ ደግሞ ናይሮቢ ከዋናው መንገድ ወጣችና ኪሱሙ ተተካች። የናይሮቢ ነዋሪ ወደ ሰሜን ለመብረር አስቀድሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ መውረድ ግድ ሆነበት። በዚያ ዘመን ምርጫ ማለት ከሞምባሳ በስዊዝ በኩል ሳምንታት በሚፈጅ መርከብና በአንድ አየር መንገድ መካከል መምረጥ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ የተለወጠ መሰለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካና የዛንዚባር የጋራ ንብረት የሆነው ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ በስድስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ሥራ ጀምሮ ነበር። ሁለቱ እኩዮች ናቸው። ይሁን እንጂ የለንደንን መስመር ኢምፔሪያል ኤርዌይስን የወረሰው ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት አየር መንገድ ይዞት ቆየ። ዋጋውንም ቢሆን በ1945 በሐቫና የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ፣ በጉባኤ ይተምነው ስለነበር ከአንዱ አባል ወደ ሌላው በመሄድ የሚገኝ ቅናሽ አልነበረም። ማኅበሩ ከቲኬት ዋጋ አልፎ እስከ ምግቡ ድረስ ይቆጣጠር ነበር። በ1958 በአትላንቲክ መስመር ላይ «ሳንድዊች ምንድን ነው?» የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፣ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ሳንድዊቹን ከሚገባው በላይ አሳምሯል ተብሎ መቀጮ ተጥሎበታል። ዋጋ በማይለያይበት ገበያ ዳቦም የጦር መሣሪያ ይሆናል።

በዚህ ጥብቅ ሥርዓት ውስጥ 1952 ልዩ ዓመት ነበረች። በግንቦት 2 ቀን ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. በኮሜት አውሮፕላን በዓለም የመጀመሪያውን የጄት መንገደኞች አገልግሎት ከለንደን ወደ ጆሐንስበርግ ጀመረ። ኮሜት በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም አልፎ በኢንቴቤ ያርፋል፤ ናይሮቢን አይነካም። በሰኔ ወር ደግሞ ኤርወርክና ሀንቲንግ የተባሉ ሁለት የግል ኩባንያዎች «ሳፋሪ» የሚል ስም የሰጡትን የለንደን-ናይሮቢ በረራ ከፈቱ። ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. ለአንድ መንገድ ወደ 140 ፓውንድ ሲያስከፍል የሳፋሪ ዋጋ 98 ፓውንድ ነበር። ይህ ቅናሽ በነጻ የተገኘ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት ፈቃዱን የሰጠው ኩባንያዎቹ ባለ ሁለት ሞተሩን አሮጌ ቫይኪንግ አውሮፕላን እንዲጠቀሙና በሚያርፉባቸው ቦታዎችም የመንግሥቱን አየር መንገድ እንዳይሻሙ አድርጎ ነው። ስለዚህ የሳፋሪ ተሳፋሪ ሜዲትራኒያንንና የናይልን ሸለቆ እየተከተለ፣ በየመንገዱ እያደረ በሦስተኛው ቀን ገደማ ይደርስ ነበር። መዘግየቱ የድህነት ውጤት ብቻ አልነበረም፤ በፈቃድ የተጻፈ መዘግየት ነበር። አርባ ሁለት ፓውንድ ለማትረፍ ሁለት ሌሊት የከፈሉትም ጥቂት አልነበሩም።

ፈጣኑን የመረጡትስ? በጥር 1954 አንድ ኮሜት በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ በሚያዝያ ሌላው በኔፕልስ አቅራቢያ ከነተሳፋሪዎቻቸው ወደቁና አውሮፕላኖቹ ሁሉ ከሥራ ታገዱ። ምክንያቱ በተደጋጋሚ የአየር ግፊት የዛለው ብረት መሰንጠቁ እንደ ነበር በምርመራ ተደረሰበት። በ1952 ቲኬቱን የቆረጠ መንገደኛ ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። እስካሁን «መንገደኛ» እያልን ስናወራ የነበረው በአብዛኛው ስለ ነጭ ሠፋሪው፣ ስለ ቅኝ ግዛቱ ሹምና ስለ ባለጠጋው ነጋዴ ነው። ለአብዛኛው አፍሪካዊ 98 ፓውንድም ሆነ 140 ፓውንድ አንድ ነበር። በመስከረም 1959 በቶም ምቦያ ጥረት 81 ተማሪዎች ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲላኩ በአሜሪካ በተዋጣ ገንዘብ አንድ አውሮፕላን በሙሉ መከራየት ያስፈለገውም በመደበኛው ቲኬት ይህን ሁሉ ሰው መላክ ስለማይቻል ነው።

የናይሮቢ ኤምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ በ1958 ተከፈተ። ከዚያ በፊት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚያርፉት ዛሬ የጉዞ ወኪሎቹ በተደረደሩበት በዚያው በኢስትሊ አጠገብ ነበር። በ1960 ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ በራሱ የተሻሻለ ኮሜት ለንደን መብረር ጀመረ፤ በ1966 ደግሞ እንደ ናይሮቢ ላሉ ከፍታቸው ብዙ ለሆነ ሞቃት አገሮች ታስቦ የተሠራውን ሱፐር ቪሲ-10 አመጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበኩሉ በ1958 ፍራንክፈርት ደርሷል። በጥር 1963 ቦይንግ 720 አውሮፕላኖቹን ሥራ ላይ ሲያውል የመጀመሪያው የጄት በረራው ያቀናው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ነው። ከዚህ በኋላ በናይሮቢ የሚኖር ሰው በጄት ወደ አውሮፓ ለመሄድ በአዲስ አበባ በኩል ማለፍን እንደ አንድ አማራጭ ሊቆጥረው ቻለ። ከዚህ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ መንገድ ዘመድ መጠየቂያም ጭምር ነበረ።

ምርጫው የሕይወት ጉዳይ የሆነበት ጊዜም መጣ። በ1968 መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዙትን የኬንያ እስያውያን መግቢያ ሊዘጋ መሆኑ ተሰማ። ሕጉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጣድፎ በመጋቢት 1 ቀን ጸደቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት በናይሮቢ የተፈጠረው ግርግር ከታላላቅ የአየር ጉዞ ትዕይንቶች አንዱ ነው። ቀጥታ በረራዎቹ ሞሉ፤ ሰዉ መቀመጫ የተገኘበትን፣ በሌላ አገር ዋና ከተማ የሚዞረውን ሳይቀር መሻማት ያዘ። ስለ ምግቡም ሆነ ስለ ወንበሩ የጠየቀ አልነበረም። የሚጠየቀው «ከሕጉ በፊት ያደርሳል ወይ?» ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ የሚያርፍ አውሮፕላን፣ ተሳፋሪው አንድ ዓይነት ፓስፖርት ይዞም ቢሆን፣ ወደ ሌላ ዕጣ ፈንታ የሚወስድ ሆነ።

የአዲስ አበባ ስም በዚህ መስመር ታሪክ ውስጥ በሐዘንም ተጽፏል። ሚያዝያ 18 ቀን 1972 ከናይሮቢ ተነሥቶ በአዲስ አበባና በሮም በኩል ለንደን ይሄድ የነበረ የኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ ሱፐር ቪሲ-10 ከቦሌ ለመነሣት ሲንደረደር የፊት ጎማው ፈነዳ። አብራሪው መነሣቱን ቢተውም ፍሬኑ በሙሉ ኃይሉ አልያዘም፤ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው አልፎ ወደቀና ተቃጠለ። ከ107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። ምርመራው የፍሬኑ አንድ ክፍል ከጥገና በኋላ በስሕተት እንደ ተገጠመ አሳየ። ተሳፋሪው ማረፊያውን ሊመርጥ ይችላል፤ የጥገናውን መዝገብ ግን የሚያሳየው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ የሚነገር ነው። ሦስቱ አገሮች በሒሳብና በፖለቲካ ተጣልተው ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ በ1977 ፈረሰ፤ ኬንያም በዚያው ዓመት ኬንያ ኤርዌይስን አቋቋመች። በ1996 የግል ባለ አክሲዮኖች ሲገቡበት የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. 26 በመቶ ድርሻ ይዞ ስለነበር አምስተርዳም የናይሮቢ ተሳፋሪ ሁለተኛ በር ሆነች። የዋጋ ቁጥጥሩ እየላላ ሄደ፤ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች መጡ። ቨርጂን አትላንቲክ በ2007 ገብቶ በ2012 ወጣ። በ2012 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ።

ይህ ሁሉ ምርጫ ግን ለሁሉ እኩል አልተከፈተም። በ2009 የወጣውና በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የሸንገን አገሮች የቪዛ ሕግ፣ አውሮፕላን ለመለወጥ ብቻ በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሚቆዩ መንገደኞች እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ እንዲይዙ የሚያስገድዳቸውን አገሮች በዝርዝር አስቀምጧል። በጋራ ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ አሉበት፤ ኬንያ የለችበትም። ነጻ የሚያደርጉ አንዳንድ የመኖሪያ ፈቃዶችና ቪዛዎች ቢኖሩም፣ እነዚያን ያልያዘ ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ ጎረቤቱ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ከተማ ቲኬት ሊቆርጡ ሲሄዱ የሚቀርብላቸው ካርታ አንድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1958 የደረሰባት ፍራንክፈርት ለአንዱ መሸጋገሪያ፣ ለሌላው የተዘጋ በር ትሆናለች።

ስለዚህ በኢስትሊ ያለው የጉዞ ወኪል የአማርኛ ንግግር የሰማ እንደ ሆነ ዋጋ ከመናገሩ በፊት እጁን ይዘረጋል። «እስቲ መጀመሪያ ፓስፖርትዎን ልየው።»