ከተሳፋሪ እስከ ተሳፋሪ

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወግ የሚጀምረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ደለስ አየር ማረፊያ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ተራ እስኪደርስ አንዱ ሹፌር ያንቀላፋል፣ አንዱ ፖለቲካ ይተነትናል፣ አንዱ አገር ቤት ይደውላል። አንድ ሰው ግን ከመኪናቸው ኋላ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጡና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱን መልሰው፣ ተሳፋሪያቸውን ጭነው ውልቅ። ተሳፋሪው ማን እንደሚነዳው አያውቅም ነበር።

የሚነዱት ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። አዎ፣ የዋሊያስ ባንዱ ሙዚቀኛ!

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የምሽት ክበብ ሙዚቀኛ በአብዛኛው የክበቡ ባለቤት ቅጥረኛ ነበር። መሣሪያው የባለቤቱ፣ ደመወዙም ከባለቤቱ፤ ሰውየው ከከፋው ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ይወጣል። ዋሊያሶች ግን ከኪሳቸው አውጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ስለ ቅኝታቸውና ስለ ስልታቸው ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ። እኔ የምደነቀው በዚህ ግዢ ነው። መሣሪያው የራሱ የሆነ ባንድ ሲዋዋልም በራሱ አፍ ነው፤ ሲለቅም ጊታሩን አንግቶ ነው።

እንዲህ ሆነው ሂልተን ገቡ። ደርግም መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ታዲያ ማምሻውን የገባ አድማጭ ካልነጋ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም! ሙዚቃውም አብሮት ያነጋል። ያንኑ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳያሰለቹ ማቆየት ቀላል አይምሰላችሁ፤ ትናንት የሰማውን ዜማ ዛሬ ገልብጠህ፣ አሳምረህ፣ አርዝመህ ካላመጣህለት ፊቱን ያዞርብሃል። የዋሊያስ ወዳጅ የተፈጠረው እንዲህ፣ ሌሊት በሌሊት ላይ እየተደመረ ነው።

በ1977 ደግሞ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ሠሩ። ሙዚቃ ማለት ዘፋኝ በሆነበት አገር፣ ሙላቱ አስታጥቄን በቫይብራፎን ይዘው «ቸ በለው» የተሰኘ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አወጡ። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው።

በ1981 ከማህሙድ አህመድ ጋር አሜሪካን ዞሩ። አድማጩ በአብዛኛው ስደተኛው ወገናችን ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ጋሽ ኃይሉን ጨምሮ አራቱ ቀሩ። ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው ጥቂት ዓመት ተጫወቱ።

በ1985 ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገቡ። በልጅነት የተማሩትን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጋብተው፣ የጥንቱን ዜማ በአዲስ ድምፅ ቀዱ። ባንድ የለ፣ ዘፋኝ የለ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ቆይቶም ከመደርደሪያ ወረደ። መድረኩም ራቀ። እንግዲህ ታክሲው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ የአፍሪካ ካሴት ለቃሚ፣ ባሕር ዳር ካሴት ቤት ገብቶ ያቺን ካሴት አገኘ። ስልካቸውን አፈላልጎ ደወለላቸው። በ2013፣ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በአሳታሚ ቤቱ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በኩል ሥራው እንደገና ታተመ። የፈረንጅ ጋዜጣ «ጠፍቶ የተገኘው ሙዚቀኛ» ይላል። ማን ጠፋ? ካሴቱ ባሕር ዳር፣ ሰውየው ደለስ፣ ሁለቱም በየቦታቸው ነበሩ።

አሁን ልብ በሉ። ስልኩ በጮኸ ጊዜ ጣታቸው ደርቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ የድሮ ካሴት ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን መድረክ ላይ ወጡ፣ አውሮፓን ዞሩ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዳዲስ አልበም አድርገው አወጡ። ከኮንሰርት ሲመለሱም ታክሲያቸውን ይነዱ ነበር፤ የቤት ወጪውን ታክሲው ስለሚችል፣ ሙዚቃውን ማንም «እንዲህ አድርገህ ቀይረው» አላላቸውም። ወጣቱ ሙዚቀኛ ዛሬ የተከታይ ቁጥር ሲያሳየኝ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ቀረጻው በማን ስም ነው? ትናንት ስንት ሰዓት ተለማመድክ?

እናንተ አድማጮች ደግሞ፣ ቤታችሁ ውስጥ በካርቶን የታጨቀ ካሴት ካለ እባካችሁ አትጣሉ። ክሩ ከመበላሸቱ በፊት በዲጂታል አስገልብጡት፤ ሽፋኑ ላይ ያሉትን የተጫዋቾቹን ስሞችም ፎቶ አንሱ።