የኤድዋርድ ስም ከዙፋን ወርዶ ዳግመኛ ስለ መመለሱ

የዌሴክስ ንጉሥ ኤተልዉልፍ ከ839 እስከ 858 ነገሡ። ዘመኑ ሁሉ፣ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኒህ ንጉሥ አምስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ስማቸውም ኤተልስታን፣ ኤተልባልድ፣ ኤተልበርት፣ ኤተልሬድና አልፍሬድ ይባል ነበር። በጥንቱ የእንግሊዝ ቋንቋ “ኤተል” ማለት ጨዋ፣ ባለ ዘር ማለት ነው። በዚያ አገር የመኳንንት ስም ከሁለት ቃል ይጋጠማል፤ አንዱ ቃል ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም ሲተላለፍ ሁለተኛው ይለዋወጣል። “ባልድ” ደፋር፣ “በርት” ብሩህ፣ “ሬድ” ምክር ነው። ስሙን የሰማ ሰው የማን ወገን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል።

“ኤድ” ማለት ደግሞ ሀብት፣ “ዋርድ” ማለት ጠባቂ ነው። ኤድዋርድ የሚለው ስም ከነዚህ ተጋጠመ፤ የታላቁ አልፍሬድ ልጅም በዚህ ስም ነገሡ።

ከዚህ በኋላ ልማዱ ተለወጠ። በ978 የነገሡት ሌላው ኤተልሬድ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዷቸውን ስድስት ወንዶች ልጆች ኤተልስታን፣ ኤክበርት፣ ኤድመንድ፣ ኤድሬድ፣ ኤድዊግና ኤድጋር አሏቸው። ስድስቱም ቀድሞ የነገሡ ሰዎች ስም ነው። አዲስ ስም መግጠም ቀርቶ የአባቶችን ስም ለልጆች ማደል ሆነ። የንጉሡ የራሳቸው ስም ትርጉም “ጨዋ ምክር” ነበር፤ ዴንማርኮች አገሩን ሲወጉ ግን የመከሩት ሁሉ አልያዘላቸውም። ኋላ የመጡ ሰዎችም “ኤተልሬድ ኡንሬድ” ብለው ቅኔ አወጡባቸው፤ ፍችውም ምክር የለሹ ጨዋ ምክር ማለት ነው።

በ1002 እኒሁ ንጉሥ የኖርማንዲውን መስፍን እኅት ኤማን አገቡ። ኤማ የሚለው ስም የባዕድ ነበርና ለንግሥቲቱ ኤልፍጊፉ የሚል የእንግሊዝ ስም ወጣላቸው፤ በቅድስና የሚከበሩት የንጉሡ ሴት አያት ስም ነው። በዚያን ጊዜ ገና እንግዳው ነበር ስሙን ለባለ አገሩ የሚለውጠው። ኤማም የወለዷቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ኤድዋርድና አልፍሬድ ተባሉ። ኤድዋርድ በ1042 ነገሡ፤ በጸሎተኛነታቸውም ስማቸው ተጠራ፤ ነገር ግን ልጅ ሳይተኩ ጃንዋሪ 5 ቀን 1066 ዐረፉ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 ቀን የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በሄስቲንግስ እንግሊዞችን ድል አድርገው ዙፋኑን ያዙ። የወንዶች ልጆቻቸው ስም ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ዊልያም፣ ሄንሪ ነበር። የእንግሊዝ ባላባቶች ርስታቸውን ተነጠቁ፤ ኤተልና ኤድ የሚሉት ስሞችም ከአዳራሽ ወጥተው ከገበሬው ጋር ቀሩ። ቆይቶም የገበሬው ልጅ ሳይቀር ዊልያም፣ ሮበርት መባልን መረጠ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዊትቢ አጠገብ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ወላጆቹም ቶስቲ አሉት፤ ከዴንማርክ ወገን የመጣ የቆየ ስም ነው። እኩዮቹ ግን በስሙ እየሳቁ አላስቀምጥ አሉት። ወላጆቹም ያንን ስም ትተው ዊልያም ብለው ጠሩት። ይህ ልጅ ኋላ ገዳም ገብቶ ሦስተኛ ስም ተቀበለ፤ በርተሎሜዎስ ተብሎም በፋርን ደሴት በባሕታዊነት ኖሮ በ1193 ዐረፈ።

በቤተ መንግሥትም የሆነው ከዚህ የራቀ አልነበረም። የድል አድራጊው የዊልያም ልጅ ቀዳማዊ ሄንሪ በ1100 ነግሠው በኖቬምበር የስኮትላንዱን ንጉሥ የማልኮምን ልጅ ኤዲትን አገቡ። ኤዲት በእናታቸው በማርጋሬት በኩል ከጥንቶቹ የእንግሊዝ ነገሥታት ይወለዳሉ፤ ወንድሞቻቸውም ኤድዋርድ፣ ኤድመንድ፣ ኤተልሬድ፣ ኤድጋር እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ሄንሪ ይህን ደም ፈለጉት፤ ዙፋናቸውን ያጸናላቸዋልና። ስሙን ግን የኖርማን መኳንንት የሚሸከሙት አልሆነም፤ ኤዲት የሚለው ቀርቶ ንግሥቲቱ ማቲልዳ ተባሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ኤማ ያደረጉት ተገልብጦ ተፈጸመ፤ አሁን ስሙን የለወጠው ባለ አገሩ ነው። መኳንንቱ በዚህም አልተዉም፤ ንጉሡንና ንግሥቲቱን “ጎድሪክና ጎድጊቫ” እያሉ አሽሟጠጡ። ሁለቱም የተራ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ስሞች ናቸው። ነገሩን የመዘገበው የማልምስበሪው መነኩሴ ዊልያም፣ እርሱም በአንድ ወገን ኖርማን፣ በአንድ ወገን እንግሊዛዊ ነበር።

ለንጉሡና ለንግሥቲቱ ማቲልዳና ዊልያም ተወለዱ። ዊልያም በስሙ ኖርማን፣ በማዕረጉ ግን “ኤተሊንግ” ነበር፤ በጥንቱ ወግ ለዙፋን የታጨ ልዑል ማለት ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 1120 ሌሊት የተሳፈረባት ነጭ መርከብ የምትባለው መርከብ ከኖርማንዲ ወደብ እንደ ወጣች ከቋጥኝ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ልዑሉም አብሮ ጠፋ። ከአባቱ ሞት በኋላ እኅቱ ማቲልዳ ዙፋኑን ከያዙት ከአክስቷ ልጅ ከእስጢፋኖስ ጋር ተዋጋች። የእስጢፋኖስ ሚስትም ስም ማቲልዳ ነበር፤ ሁለቱም የዚያችው የማርጋሬት የልጅ ልጆች ናቸው። በ1141 አንዲት ማቲልዳ ለንደንን ስትይዝ ሌላዪቱ ማቲልዳ ጦር አስከትታ መጣችባት።

ስሞቹ ጥቂት፣ ሰዎቹ ብዙ ሆኑ። በ1171 የልደት በዓል፣ ከእስጢፋኖስ ጋር የተዋጋችው የማቲልዳ የልጅ ልጅ፣ ወጣቱ ንጉሥ ሄንሪ፣ በኖርማንዲ በባዩ ከተማ አጠገብ ግብር አበሉ። ከተጋባዦቹ ሁለት ዊልያሞች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ዊልያም ያልተባለ ሰው እንዳይገባ ከለከሉ። ክፍሉም ከመቶ በሚበልጡ ዊልያም የሚባሉ ፈረሰኞች ሞላ፤ በአዳራሹ ከንጉሡ ጋር የበሉት ዊልያሞች ሳይቆጠሩ ነው። ይህን የጻፉት የሞን ሳን ሚሼል ገዳም አበምኔት ሮበርት ናቸው።

የኤድዋርድ ስም የተነሣው ከመቃብር ነው። በ1161 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እስክንድር ሣልሳዊ ያን ጸሎተኛ ንጉሥ ቅዱስ ብለው ሰየሟቸው። ከዚያ በኋላ የነገሡት ሣልሳዊ ሄንሪ ለቅዱሱ ፍቅር አደረባቸውና ጁን 1239 በዌስትሚንስተር የተወለደውን የበኩር ልጃቸውን ኤድዋርድ አሉት፤ በ1245 የተወለደውንም በጥንቱ ንጉሥና ሰማዕት ስም ኤድመንድ አሉት። በዚያው ዓመት በዌስትሚንስተር የነበረውን የቅዱስ ኤድዋርድን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው በአዲስ መልክ ማሠራት ጀመሩ። አባቶቻቸው የሳቁበት ስም ስለ ቅዱሱ ሲባል ከበረ።

ይሁን እንጂ ስሙ ዳግመኛ ሊታለፍ ቀረበ። ይህ ኤድዋርድ የካስቲልን ልዕልት ሌኦኖርን አገቡ። በ1272 አባታቸው ሲሞቱ ከመስቀል ጦርነት ገና እየተመለሱ ነበርና በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር በባዮን ከተማ ሳሉ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ክርስትና ያነሡት አጎቱ የካስቲሉ ንጉሥ አልፎንሶ ስለ ነበሩ ሕፃኑ አልፎንሶ ተባለ። ታላላቅ ወንድሞቹ ጆንና ሄንሪ በልጅነታቸው ስለ ሞቱ አልጋ ወራሹ እርሱ ሆነ። ከሆላንድ መስፍን ልጅም ጋር ታጨ፤ ለሠርጉ የሚሆን የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ በወርቅና በቀለም ይጻፍለት ጀመር።

አፕሪል 25 ቀን 1284 በዌልስ ምድር በካርናርቮን ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ኤድዋርድ አሉት። አልፎንሶ በኦገስት ወር በ10 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ የተነሣ ከ1272 እስከ 1377 ድረስ፣ 105 ዓመት ሙሉ፣ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ስም ተከታትለው ነገሡ። ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ ኤድዋርድ ተብለው ሲቆጠሩም ከ1066 በፊት የነገሡት ሦስቱ ኤድዋርዶች፣ ቅዱሱም ጭምር፣ ከቁጥሩ ውጭ ቀሩ። መዝሙረ ዳዊቱ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ የአልፎንሶ እኅት ኤልሳቤጥ በ1297 የሆላንዱን መስፍን ስታገባ ተፈጸመላት።