የዕድገት አስተሳሰብ

የዕድገት አስተሳሰብ ችሎታ በልፋት፣ በዘዴና በሰው እርዳታ ይዳብራል የሚል እምነት ነው። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቁት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ተቃራኒው ቋሚ አስተሳሰብ ይባላል፤ ሰው ሲፈጠር ከተሰጠው አያልፍም የሚል ነው። እንግሊዝኛውን “ግትር አስተሳሰብ” ብሎ መተርጎምም ይቻል ነበር። ግትርነት ግን በአማርኛ የጠባይ ነቀፋ ስለሆነ ተስፋ የቆረጠን ልጅ እልኸኛ ያስመስለዋል።

ድሬዳዋ ላይ የዕድገት አስተሳሰብ ምሳሌ ከደጅ አይርቅም። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በየሰፈሩ ይሰማሉ፤ በአንደኛ ደረጃም ሦስቱም የማስተማሪያ ቋንቋዎች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ኳስ ሲጫወት ሶማሊኛውን ቢያበላሽ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ ያርሙታል፣ እሱም ደግሞ ይሞክራል። ለቋንቋ አልተፈጠርኩም ብሎ ጨዋታውን አይተውም።

ያው ልጅ ሰኔ ላይ ካርድ ሲቀበል ሌላ ይሆናል። አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ቤት ደርሶ “ስንተኛ ወጣህ?” ሲባል ካርዱን ወርውሮ ያለቅሳል። በዚያች ሰዓት ምክር ጆሮው አይገባም። “ዝም በል” ከማለት ውሃ ሰጥቶ አጠገቡ መቀመጥና “ተናደድህ አይደል?” ብሎ ስሜቱን በስሙ መጥራት ይረዳዋል። ይህ ስሜትን መግራት ሊባል ይችላል። “መቆጣጠር” ማፈንን ያስመስላል፤ መግራት ግን ቀስ በቀስ የሚለመድ ነገር መሆኑን ይናገራል።

ልጁ ሲረጋጋ የቃል ምርጫ ይመጣል። አማርኛ ያልሠራውንም ያልገባውንም “ሰነፍ” በሚል አንድ ቃል ይጠራል። ሲያጠና ያመሸ ልጅ ውጤቱ ዝቅ ቢል ሰነፍ ተማሪ ይባላል፤ ልፋቱን ያየለት የለም። ይህ በደል ነው። “ጎበዝ” የሚለው ሙገሳም ጣጣ አለው። ድዌክና ክላውዲያ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ገፍተውበታል። ጥረትን ለማበረታታት “በርታ”፣ “በርቺ” የሚሉት ቃላት ከጥንትም አሉ። “አልቻልኩም” ለሚል ልጅም “ገና” የምትለዋ ቃል ትበቃለች፤ “ገና አልቻልኩም” ሲል ነገ ይተርፈዋል።

“በርታ” ብቻውን ግን ክፍልፋይ አያስተምርም። ያልገባው የቱ ላይ እንደሆነ ከልጁ ጋር ፈልጎ ሌላ መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ የአሜሪካ ጥናትም የዕድገት አስተሳሰብን በአጭር ትምህርት ማስጨበጥ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ተማሪዎች ነጥብ በመጠኑ እንዳሻሻለ፣ ጥቅሙም የክፍል ጓደኞቻቸው ከባድ ሥራን በሚደፍሩበት ትምህርት ቤት ጎልቶ እንደታየ አሳይቷል።